ሆድ ይፍጀው ያልነው ነገር የት ይሄዳል?

ይሄ ባለፈው ቅዳሜ ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ለተሰበሰቡ የሐበሻ እናቶችና አባቶች ስለ ንቀትና ስለ ደም ብዛት የተናገርኩት ነው። መምጣት ያልቻሉ ሰዎች ጻፊልን ስላሉኝ እንዳወራሁት አስቀመጥኩት፣ ብዙም አላስተካከልኩትም።

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ አባቶቼ፣ እህቶች ወንድሞች። በዚህ ብርድ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፣ ለማታውቁኝ ነርስ ነኝ፣ 19 ዓመት ሙሉ ቤት ለቤት እየዞርኩ ሽማግሌዎችን ነው የማየው። አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው፣ ዲሲ ከአናኮስቲያ ወንዝ ማዶ የሚኖሩ፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ የሚኖሩ። ዛሬ ስለነሱ ነው የማወራችሁ፣ ስለነሱ ሳወራ ደግሞ ስለኛም እንደሆነ ቀስ እያላችሁ ታዩታላችሁ።

ከአንድ አባት ልጀምር። 78 ዓመታቸው ነው፣ 31 ዓመት አውቶቡስ ነድተው ሪታየር የወጡ ሰው። ደም ብዛት አለባቸው፣ ሶስት ዓይነት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ ክኒኑን ራሴ እየቆጠርኩ አይቻለሁ አንድም ቀን አይዘሉም፣ ጨው ቀንሰዋል፣ ሲጋራ ከተዉ 30 ዓመት አልፏቸዋል፣ ግን የፕሬዠራቸው የላይኛው ቁጥር ከ160 አልወርድ አለ። ሐኪሙ ዶዙን ይጨምራል፣ እኔ እለካለሁ፣ ያው ነው። አንድ ቀን ስደርስ ገና ከሱቅ መግባታቸው ነው፣ ኮታቸውን አላወለቁም፣ እጃቸው ውስጥ የተጨማደደ ደረሰኝ ጨብጠዋል። ለካኋቸው፣ 188። ምን ሆኑ ብላቸው ምንም አሉኝ። ዝም ብዬ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። ቆይተው ቆይተው ሱቁ በር ላይ ጥበቃው ከሰው መሀል እሳቸውን ለይቶ አስቁሞ ደረሰኝ አሳየኝ እንዳላቸው፣ ከፊታቸውም ከኋላቸውም የነበሩት ነጮች ማንም ሳይጠይቃቸው እንደወጡ ነገሩኝ። ሲጨርሱ «ምንም አይደለም፣ ከልጅነቴ የለመድኩት ነው» አሉኝ።

ይቺ «ምንም አይደለም» የምትል ቃል ቤቴ ድረስ ተከትላኝ መጣች፣ ምክንያቱም እናቴም እንደዚሁ ነው የምትለው። ሰውየው በአፋቸው ምንም አይደለም ሲሉ ክንዳቸው ላይ ያሰርኩት ማሽን 188 እያለ ነበር። ከሁለቱ የትኛውን ልመን?

ይሄን ጥያቄ በሪሰርች ያነሱ ሰዎች አሉ። ዴቪድ ዊሊያምስ የሚባል ሰው፣ ራሱ ጥቁር የሆነ ሶሲዮሎጂስት፣ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ በ1995፣ ዓመቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው፣ ዲትሮይት ከተማ ውስጥ በተደረገ ጥናት ላይ ዘጠኝ አጫጭር ጥያቄዎች አዘጋጀ፣ በ1997 ታተመ፣ ከዛ ወዲህ በየቦታው የሚጠቀሙበት መለኪያ ሆነ። እስቲ በኛ አማርኛ ልንገራችሁና እናንተ በልባችሁ ቁጠሩ፣ እጅ ማውጣት አያስፈልግም። በቀን ተቀን ኑሯችሁ ሰው ከሌላው ባነሰ ትህትና ያናግራችኋል ወይ? ከሌላው ያነሰ ክብር ይሰጣችኋል ወይ? ምግብ ቤት ወይም ሱቅ ስትገቡ መስተንግዶው ለናንተ ይቀንሳል ወይ? ነገር ቶሎ የማይገባው ሰው ነው ብለው ያስቧችኋል ወይ? ይፈሯችኋል ወይ? አጭበርባሪ ነው ብለው ይጠረጥሯችኋል ወይ? ከናንተ እንደሚበልጡ ያሳዩአችኋል ወይ? ስም አውጥተው ይሰድቧችኋል ወይ? ያስፈራሯችኋል ወይም ያዋክቧችኋል ወይ? ለያንዳንዱ መልሱ በየቀኑ ማለት ይቻላል ከሚለው ጀምሮ በሳምንት፣ በወር፣ በዓመት እያለ በጭራሽ እስከሚለው ድረስ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ለምን ይመስልሃል ተብሎ ይጠየቃል፣ በዘርህ ነው፣ በዕድሜህ ነው፣ በሴትነትሽ ነው ምናምን።

ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ ፖሊስ ደበደበኝ የሚል የለም፣ ከሥራ በግፍ ተባረርኩ የሚልም የለም። ለሱ ሌላ መጠይቅ አለ። ይሄኛው የሚጠይቀው ማታ ቤት ገብተን ለባለቤታችን እንኳን የማንነግረውን ትንሽ ትንሹን ነገር ነው። በኛ ቋንቋ ንቀት ነው የሚባለው፣ መናቅ።

ታዲያ ንቀት እንዴት ሰውነት ውስጥ ይገባል? እኛ ስንናደድ «ደሜ ፈላ» እንላለን አይደል? ሰውነት ክፉ ነገር ሲያይ አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ ሆርሞኖችን ይለቃል፣ ልብ ትሮጣለች፣ የደም ሥር ይጠብባል፣ ስኳር ከጉበት ወደ ደም ይፈሳል። ጅብ ሲያባርራችሁ ይሄ ሕይወት ያድናል፣ ሮጣችሁ ታመልጣላችሁ፣ ጅቡ ይሄዳል፣ ደሙም ይረጋል። ችግሩ ጅቡ ሳይሄድ ሲቀር ነው። ሱቅ በር ላይ፣ ባንክ መስኮት ላይ፣ ሐኪም ቤት ሪሴፕሽን ላይ፣ ሊፍት ውስጥ ቦርሳዋን ጠበቅ የምታረግ ሴት አጠገብ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ለ50 ዓመት፣ ለ60 ዓመት። ብሩስ ማክኢወንና ኤሊዮት ስቴላር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1993 ይሄን አሎስታቲክ ሎድ አሉት፣ በሰውነት ላይ የሚከመር ጭነት ማለት ነው። እኔ ይሄን ሳነብ ትዝ ያሉኝ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ናቸው። ወገባቸውን ያጎበጠው የትኛው እንጨት ነው ብትሉ መልስ የለውም፣ አንዷን ቅርንጫፍ መዛችሁ ብታዩአት ቀላል ናት። የአውቶቡስ ሹፌሩ ደረሰኝም እንደዛ ነው፣ ለብቻው ስታዩት ወረቀት ነው።

አርሊን ጄሮኒመስ የምትባል የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ደግሞ በ1992 ዌዘሪንግ የሚል ስም ሰጠችው፣ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ዕቃ ያለጊዜው እንደሚያረጀው የጥቁር ሰው ሰውነትም ከዕድሜው ቀድሞ ያረጃል ነው የምትለው። ይሄን በሥራዬ በዓይኔ አያለሁ። የ58 ዓመት ሴት እጠብቃለሁ በሩ ሲከፈት ግን ጉልበቷም ኩላሊቷም የ75 ዓመት ሴት ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ከጥቁር አዋቂዎች ከግማሽ በላዩ ደም ብዛት አለበት። አልዛይመርና መሰል የመርሳት በሽታዎች በጥቁር ሽማግሌዎች ላይ ከነጮቹ ጋር ሲተያይ እጥፍ ገደማ ይበዛሉ። ለ2021 በወጣው የመጀመሪያ ስሌት የነጭ ሰው አማካይ ዕድሜ 76.4 ሲሆን የጥቁር ሰው 70.8 ነበር፣ እርግጥ ኮቪድ የነበረበት ጊዜ ነው ግን ልዩነቱ ከኮቪድ በፊትም ነበረ።

ደግሞ ጅቡ ሳይመጣም ሰውነት ይጠብቀዋል። ይሄን በደንብ ስሙኝ። የማያቸው አባቶች ሐኪም ቤት ሲሄዱ ከረባት ያስራሉ፣ 80 ዓመት አልፏቸው ታመው እያቃሰቱ ከረባት። ለምን ስላቸው «እንዳይንቁኝ» ይሉኛል። ሱቅ ሲገቡ እጃቸውን ኪሳቸው ውስጥ አያስገቡም፣ ሁሌ በተጠንቀቅ ናቸው። ተጠንቀቁ ራሱ ሸክም ነው፣ ማታም አብሮ ይተኛል። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ፕሬዠሩ ቢያንስ አስር ፐርሰንት ያህል መውረድ አለበት፣ ልብና የደም ሥር የሚያርፉበት ሰዓት ነው። ጥቁር አሜሪካውያን ላይ ይሄ የሌሊት መውረድ አነስ ይላል፣ ብዙዎቹ ላይ አስር ፐርሰንት አይደርስም። ቀን የለካነው ሌሊት ምን እንደሚሆን አይነግረንም ማለት ነው።

ሚሲሲፒ ጃክሰን ከተማ ውስጥ ከ2000 ጀምሮ 5,306 ጥቁር ሰዎችን መዝግቦ ለዓመታት የተከታተለ ትልቅ የልብ ጥናት አለ፣ እዛ በሕይወት ዘመናቸው ብዙ አድልዎ የደረሰባቸው ሰዎች በኋላ ላይ ደም ብዛት የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። ቺካጎ ውስጥ ቴኔ ሉዊስና ባልደረቦቿ በአማካይ 73 ዓመት የሆናቸው 296 ጥቁር ሽማግሌዎችን አዩ፣ ንቀቱ የበዛባቸው ሰዎች ደም ውስጥ ሲ ሪአክቲቭ ፕሮቲን የሚባለው፣ ሰውነት ውስጥ እሳት እንዳለ የሚጠቁመው ነገር፣ ከፍ ይላል። እዛው ቺካጎ የሊሳ ባርንስ ቡድን ደግሞ ንቀቱን ከማስታወስ ችሎታ ማነስ ጋር አያይዞታል። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ንቀት ብቻውን ነው የገደላቸው የሚል ጥናት የለም። ጨውም አለ፣ ውፍረትም አለ፣ በዘር የሚመጣም አለ፣ ገንዘብ አለ፣ የሚኖሩበት ሰፈር ትኩስ አትክልት የሚሸጥ ሱቅ አለመኖሩ አለ። ግን ሐኪሙ ስለ ጨው ሁሌ ይጠይቃል፣ ስለ ንቀት ግን በ19 ዓመት ሥራዬ አንድም ሐኪም ሲጠይቅ አልሰማሁም።

አሁን ለምን ሽማግሌዎቹ ላይ ይከብዳል የሚለውን ልንገራችሁ። ዛሬ 78 ዓመት የሆነው ጥቁር ሰው ሲወለድ በዚህ አገር በደቡቡ ክፍል ጥቁርና ነጭ የሚታከሙበት ዋርድ የተለያየ ነበር፣ ጭራሽ ጥቁር የማይቀበልም ሆስፒታል ነበር። በዘር መለየትን የከለከለው የሲቪል ራይትስ ሕግ በ1964 ወጣ፣ ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የሽማግሌዎች የጤና መድን ሐምሌ ወር 1966 ሥራ ሲጀምር መንግሥት ሆስፒታሎቹን ጥቁርና ነጭ እየለያችሁ ገንዘብ አታገኙም አላቸው፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሆስፒታሎች በራቸውን ከፈቱ። ይሄ ጥንት አይደለም፣ ሰውየው ጎረምሳ ሆነው የኖሩበት ነው። አላባማ ውስጥ ተስኪጊ ላይ መንግሥት ራሱ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ፣ 40 ዓመት ሙሉ፣ ቂጥኝ የያዛቸውን 399 ጥቁር ገበሬዎች እናክማችኋለን እያለ ሳያክም በሽታው ምን እንደሚያረጋቸው ሲያይ ኖሯል፣ ፔኒሲሊን ከተገኘም በኋላ። ሲቆም የኔ የአውቶቡስ ሹፌር ወጣት አባት ነበሩ። «እነዚህ ሰዎች ሐኪም አያምኑም» እያሉ የሚያማርሩ ባልደረቦች አሉኝ፣ እኔ የሚገርመኝ አሁንም ቀጠሯቸውን አክብረው መምጣታቸው ነው።

እሱ ሁሉ አለፈ የሚል ካለ ደግሞ፣ ጣታችን ላይ የሚሰኩት ኦክስጅን የሚለካ ትንሽ መሣሪያ አለ አይደል፣ በኮቪድ ጊዜ ብዙዎቻችሁ ገዝታችኋል። በ2020 የወጣ የሚሺጋን ጥናት መሣሪያው የጥቁር ሕመምተኛን ኦክስጅን ማነስ ሳያይ የሚያልፍበት መጠን ከነጮቹ ወደ ሶስት እጥፍ እንደሚጠጋ አሳየ፣ 11.7 ፐርሰንት እና 3.6 ፐርሰንት። የኩላሊት ሥራን የሚያሰሉበት ቀመርም እስከ 2021 ድረስ ሕመምተኛው ጥቁር ከሆነ ቁጥር ይጨምርበት ነበር፣ ኩላሊቱ ከሆነው በላይ ደህና ይመስላል፣ ሰውየው ለንቅለ ተከላ ወረፋ የሚያዝለት ዘግይቶ ነው። ከተስተካከለ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቁር ሕመምተኞች የጠፋባቸው የወረፋ ጊዜ ተመልሶላቸዋል። ይሄ ቀመር ሰውየው ከጎንደር ይምጣ ከጆርጂያ አይጠይቅም ነበር፣ ጥቁር ነው ካለ አለቀ።

ወደኛ ልምጣ። ይሄን ስናገር የሚከፋው ሰው እንዳለ አውቃለሁ፣ ግን ውስጤ ያለውን ነው የምናገረው። «ይሄ የነሱ ነገር ነው፣ እኛ ሐበሻ ነን» ሲባል በጣም ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ከዛም አልፎ እኛው ጥቁር አሜሪካውያንን ስንንቅ ሰምቻለሁ፣ ሰነፎች ናቸው ምናምን እያልን፣ ልጆቻችን እየሰሙ። ያማል። እዚህ አገር የመግቢያውን በር በ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ያስከፈተው የነሱ ትግል ነው፣ እነሱ ውሻ ተለቆባቸው ውሃ ተረጭቶባቸው ነው። እኛ ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ በሱዳን በኩል እየተጫንን ስንመጣ በሩ ተከፍቶ ነው የጠበቀን።

ጤናውንም ብታዩ፣ ከአፍሪካ የሚመጣ ሰው ሲገባ እዚህ ከተወለደው ጥቁር ሰው ጤናው ይሻላል፣ ጥናቶቹ እንደዛ ነው የሚሉት፣ እየኖረ ሲሄድ ግን ብልጫው ይሟሟል። በ80ዎቹ መጀመሪያ በ30 ዓመታቸው የመጡት አሁን 70ን አልፈዋል። ፓርኪንግ ውስጥ የጋዝ ጭስ እየማጉ፣ ታክሲ በቀን 16 ሰዓት እየነዱ፣ ሆቴል አልጋ እያነጠፉ። ንቀቱም ለኛ ተጨማሪ ምክንያት አለው፣ እንግሊዝኛችን አለ፣ ስማችን አለ፣ ነጠላችን አለ። እናቴ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ስለ መድኃኒቷ ስትጠይቅ ሠራተኛዋ እንደ ሕፃን ቃል በቃል እየጎተተች ጮክ ብላ አናገረቻት፣ ከኋላ የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እናቴ አገሯ 27 ዓመት ያስተማረች ሴት ናት። መኪና ውስጥ ገብታ ቀበቶዋን አሰረች፣ «ሆድ ይፍጀው» አለች፣ ሌላ ቃል አልወጣትም። መድኃኒቱን እንዴት እንደምትወስደው ሳይገባት ነው የወጣችው፣ ይሄን ያወቅኩት ከሶስት ሳምንት በኋላ ነው።

ሆድ ይፍጀው። ናንሲ ክሪገር የምትባል ተመራማሪ በ1990 ካሊፎርኒያ ውስጥ ትንሽ ጥናት አሳተመች፣ 51 ጥቁር ሴቶች ነበሩበት። በደል ሲደርስብሽ ምን ታረጊያለሽ ብላ ጠየቀች። ተቀብዬ ዝም እላለሁ ያሉት ለሰው ከሚናገሩትና የሆነ ነገር ከሚያረጉት ጋር ሲተያዩ ደም ብዛት አለብኝ የማለታቸው ዕድል 4.4 እጥፍ ነበር። በ1996 ደግሞ ከስቲቨን ሲድኒ ጋር ከ4,000 በላይ ጥቁርና ነጭ ሰዎችን አየች፣ ጉልበት ሠራተኛ ከሆኑት ጥቁሮች መሀል «ምንም አድልዎ ደርሶብኝ አያውቅም» ያሉት ፕሬዠራቸው አንድ ሁለት ቦታ ደርሶብኛል ካሉት ከፍ ብሎ ተገኘ። አፍ አልደረሰብኝም ሲል የደም ሥሩ ደርሶብኛል እያለ።

እኔም አንድ ቀን ዘጠኙን ጥያቄዎች ለአውቶቡስ ሹፌሩ አነበብኩላቸው። በጭራሽ፣ በጭራሽ፣ በጭራሽ እያሉ ጨረሱ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ልነሳ ስል እጄን ያዙኝና ከ1972 ጀመሩ፣ ሳንቲሙን እጃቸውን ላለመንካት ወለል ላይ ይጥሉባቸው የነበሩትን ተሳፋሪዎች። አንድ ሰዓት ከሩብ አወሩ፣ ለሌሎች ሕመምተኞቼ ሁሉ ዘገየሁ፣ ግን አልተነሳሁም።

ስለ አንድ ገበሬም ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄ ታሪክ የኛን አባቶች ይመስለኛል። ሸርማን ጄምስ የሚባል ተመራማሪ በ1978 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ጆን ሄንሪ ማርቲን የሚባሉ ጥቁር ገበሬ አገኘ። በ1907 ከጭሰኛ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ትምህርታቸው ሁለተኛ ክፍል፣ ማንበብ በራሳቸው ጥረት የተማሩ፣ ተበድረው 75 ኤከር መሬት ገዝተው የ40 ዓመቱን ዕዳ ሌት ተቀን ሠርተው በ5 ዓመት የከፈሉ። ዕድሜያቸው 50ዎቹ መጨረሻ ላይ ሲደርስ ግን ደም ብዛት፣ የመገጣጠሚያ በሽታ፣ እና ጨጓራቸውን 40 ፐርሰንት ያስቆረጠ ቁስለት ነበረባቸው። ስማቸው በአፈ ታሪክ ከሚወራው፣ ከማሽን ጋር ተወዳድሮ አሸንፎ መዶሻውን እንደያዘ ከሞተው ጆን ሄንሪ ጋር አንድ ስለሆነ ጄምስ ነገሩን ጆን ሄንሪዝም አለው፣ እጅህ ባዶ ሆኖ፣ በሩ ሁሉ ተዘግቶብህ፣ በጉልበትህ ብቻ ልሰብረው ስትል ሰውነትህ የሚከፍለው ዋጋ። ልጅ ለማስተማር፣ ቤት ለመግዛት፣ አገር ቤት ላለ ቤተሰብ ለመላክ ሁለት ሥራ ሦስት ሥራ የሠራ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም? ጉብዝናችሁን አልነቅፍም፣ እኔም በሱ ነው የተማርኩት። ሒሳቡ የት እንደተከፈለ እንድታውቁት ነው።

ምን ይደረግ ለሚለው ደስ የሚል ነገርም አለ። ሎስ አንጀለስ ውስጥ በ2018 የወጣ የዶክተር ሮናልድ ቪክተር ጥናት ነው። 52 የጥቁር ሰዎች ጸጉር ቤቶች፣ ደም ብዛት ያለባቸው 319 ወንዶች። ግማሾቹ ጸጉር ቤቶች ፋርማሲስት መጣላቸው፣ ሰውየው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ጸጉሩን እየተቆረጠ ይለካል፣ መድኃኒቱም እዛው ይታዘዛል ይስተካከላል። በሌሎቹ ባርበሩ ሐኪም ጋር ሂድ እያለ ይመክራል። በስድስት ወር የላይኛው ቁጥር በመጀመሪያዎቹ በ27 ወረደ፣ በሁለተኞቹ በ9። መድኃኒቱ ያው ሌላ ቦታም ያለ መድኃኒት ነው። ጸጉር ቤቱ ግን ሰውየው ለዓመታት በስሙ የተጠራበት፣ ከረባት ሳያስር የሚከበርበት ቦታ ነው። እኛም እንዲህ ያለ ቦታ አለን፣ ቤተክርስቲያን አለን መስጊድ አለን፣ ዕድር አለን፣ ቡናችን አለ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለምን አንለካም? ይሄን ለአስተባባሪዎቹ ነግሬያለሁ፣ እናንተም ወትውቱልኝ።

እስከዛው ግን፣ መድኃኒታችሁን እንዳታቋርጡ፣ ይሄን ሁሉ አወራሁ ማለት ክኒኑ አይሠራም ማለት አይደለም። ማሽን ቤት ውስጥ ይኑራችሁ፣ ከመለካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፣ እግር መሬት ይርገጥ፣ ክንድ በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ ቡና ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ቁጥሩን ስትጽፉ ያን ቀን ምን እንዳጋጠማችሁም ከጎኑ አንድ መስመር ጻፉ፣ በአማርኛ፣ ለሐኪሙ አሳዩት። ሐኪም ቤት አስተርጓሚ በነፃ የማግኘት መብት አላችሁ፣ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ግዴታው ነው፣ ስለዚህ የ12 ዓመት የልጅ ልጃችሁን ስለ ሽንታችሁ አታስተርጉሙት። ሰው ደግሞ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጎረቤትም ቢሆን። ከሁሉ በላይ ግን አውሩት። ጥበቃው ላይ ጩኹ አላልኩም፣ ለእህታችሁ፣ ለንስሐ አባታችሁ፣ ለቡና ጓደኛችሁ፣ ለኔም ቢሆን።

የአውቶቡስ ሹፌሩ ባለፈው ማክሰኞ 146 ነበሩ። አሁንም ከፍ ያለ ነው፣ ሐኪሙም አንዱን መድኃኒት ቀይሮላቸዋል ስለዚህ በማውራቱ ነው አልላችሁም። ሱቅ ግን አሁን ብቻቸውን አይሄዱም፣ ከማዶ ካሉት ጎረቤታቸው ጋር ነው የሚሄዱት፣ ሲመለሱም በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው የሆነውን ሁሉ እየተነጋገሩ ነው የማገኛቸው።

ማሽኖቹን ይዤ መጥቻለሁ፣ ሁለት ናቸው፣ እዛ በመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ ላይ ነኝ። እትዬ፣ እርስዎ ከፊት ያሉት፣ ከርስዎ እንጀምር፣ እጅጌዎን ሰብሰብ አርገው ይምጡ፣ ዘጠኙንም ጥያቄ እጠይቅዎታለሁ፣ አንቸኩልም።